የመብረቁ እግርና የበላቸው አፍ

ቢቸና ከተቆረቆረች ጀምሮ እንደ በላቸው ያለ ልብስ ሰፊ አላየችም። ይህን የሚሉት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ራሱ በላቸው ነው፤ ሁለተኛዋ ሚስቱ ይርጋነሽ ናት፤ እሷ ግን የምትለው ስትናደድ ብቻ ነበር። በላቸው የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ከመርፌው ሥር ጭስ ይወጣል። አንድ የጥምቀት ዋዜማ ለግማሽ አውራጃ ሱሪ ሲሰፋ አድሮ፣ ሊነጋጋ ሲል ክር ቢያልቅበት የመጨረሻዎቹን ሦስት ቁልፎች በገዛ ጺሙ የተከለ ሰው ነው። አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጣቶቹ ቀጫጭን፣ ምላሱ ግን ወፍራም።

ይህ ሰው ውሻ ነበረው። ስሙ መብረቁ ነው። ስሙን የሰማ እንግዳ ጥጃ የሚያክል አውሬ ይወጣል ብሎ ሽቅብ ሽቅብ ሲያይ፣ መብረቁ ከእግሩ ሥር ቆሞ ይጮህበታል። ቁመቱ ከአንድ ጥንድ ከስክስ ጫማ አይበልጥም፤ ክብደቱ ከግማሽ ጣቃ አቡጀዲ ያንሳል። ድምፁን ለሰማ ግን ዓባይ ሞልቶ መንገድ ስቶ ቢቸና የገባ ይመስላል።

ነገሩ የሆነው በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት ወር ነው። ያን ሰሞን አንድ ያበደ ውሻ ገበያ መሐል ገብቶ ሦስት ሰው ነከሰ። ወሬው ጉንደ ወይን ሲደርስ የተነከሰው ሠላሳ ሰው ሆነ፤ ደብረ ኤልያስ ሲደርስ አንድ ሻለቃ ጦር አለቀ ተባለ። ቀበሌው በድምፅ ማጉያ አስነገረ፦

«ከዛሬ ጀምሮ በአርባኛው ቀን፣ ባለ ውሻ ሁሉ ውሻውን ይዞ ቀበሌ ግቢ ይቅረብ! ጤነኛ ሆኖ የተገኘ አንገቱ ላይ የቆርቆሮ ምልክት ይታሰርለታል። የታመመ፣ የሚያነክስና ባለቤት የሌለው አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድበታል!»

በላቸው አዋጁን ሰምቶ ሳቀ። የሱ ውሻ ጤንነት የሚያጠራጥር አልነበረም። እንዲያውም በሦስተኛው ቀን፣ ከሱቁ በረንዳ ላይ ሱሪ እየተኮሰ፣ ተሰልፈው ለሚጠብቁት ደንበኞች ስለዚሁ ውሻ ያወራ ነበር።

«ይህን ውሻ ታዩታላችሁ? ሌባ ደብረ ወርቅ ላይ የጫማውን ክር ሲያስር ይሰማዋል!»

«ኧረ ተው በላቸው!» አለ አንዱ።

«ምን ተው ትለኛለህ? ባለፈው በልግ አንድ ጅብ መጥቶ ይኸውልህ እንዲህ አጥሩን ሲያልፍ…»

ጅቡ አጥሩን እንዴት እንዳለፈ ለማሳየት በላቸው ክንዱን እንደ ንስር ክንፍ ዘረጋ። ክንዱ ካውያውን መታ። ካውያው የከሰል ካውያ ነው፤ እሳቱን ታቅፎ ሲወርድ መድፍ እንጂ ዕቃ አይመስልም። የወደቀው ከጠረጴዛው ሥር ተጋድሞ የጌታውን ምስጋና ሲያዳምጥ በነበረው በመብረቁ የቀኝ ኋላ እግር ላይ ነው።

«ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ በኋላ መብረቁ ያሰማውን ጩኸት ዝም ብሎ ማለፍ ይሻላል። ደንበኞቹ ሱሪያቸውን ሳይቀበሉ ሄዱ።

በላቸው ውሻውን ከኮቱ ሥር አድርጎ የእንስሳት ጤና ረዳቱ ዘንድ ሮጠ። ረዳቱ ከአርሲ ተመድቦ የመጣ፣ ቁም ነገረኛ ወጣት ነው። መዝገቡን ገልጦ አየ፤ ውሻውን አየ፤ መዝገቡን መልሶ አየ።

«ለበሬ ከሆነ መርፌ አለኝ» አለ። «ለበቅሎ ከሆነ ቅባት አለኝ። ለውሻ ተብሎ የተላከልኝ መርዝ ብቻ ነው።»

መብረቁ የገባው ይመስል ጭንቅላቱን ከኮቱ ውስጥ ቀበረ። በላቸውም ምንም ሳይል ወጣ። አንድ ሰው «ዛሬ በላቸውን ምንም ሳይል ሲወጣ አየሁት» ብሎ ቢናገር የሚያምነው አልነበረም።

ቤቱ ገብቶ እግሩን በሁለት የእንጨት ማስመሪያ መሐል አድርጎ በሜትር ጠመጠመው። ውሻውን አየው፤ ቀኑን ቆጠረ። ሠላሳ ሰባት ቀን ቀርቷል። ይህ እግር በሠላሳ ሰባት ቀን ውስጥ መሬት ካልረገጠ፣ የቀበሌው ጥበቃ በምንሽር ይደፋዋል። እግሩን የሰበረው ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፤ የበላቸው አፍ ነው። ይህን ሲያስብ እንባው ጢሙን አልፎ አገጩ ላይ ደረሰ።

«ሞጣ እወስደዋለሁ» አለ።

ይርጋነሽ ወገቧን ይዛ ቆመች። «ምን? እኔ ጥርሴን ሲያመኝ አንድ ፍሬ ቅርንፉድ ነው ያጎረስከኝ። ለውሻ ሞጣ?»

«ይርግዬ፣ ያንቺ እኮ ጥርስ ነበር። ይኼ እግር ነው።»

«ይሙታ! ደግሞ እሱን ብሎ ውሻ! ማታ ማታ እግሬ ላይ እየተኛ መቼ አስተኝቶኝ ያውቃል?» አለችና የአጥንት መረቅ በጣሳ አምጥታ ከመብረቁ አፍ ሥር አስቀመጠች። ከመቀነቷ ጫፍም ቋጠሮ ፈትታ ሠላሳ ብር አወጣች። «እንካ። ለውሻው አይደለም። አንተ በረንዳ ላይ እያለቀስክ ጎረቤት እንዳታሰድበኝ ነው።»

ሞጣ ላይ ቄስ ገብረ ኪዳን የሚባሉ ወጌሻ ነበሩ። እሳቸው የጠገኑት እግር ካልተሰበረው እግር ይበረታል ይባላል። ከገደል የወደቀ ሰው በሦስት ቋጠሮ ለቃቅመው ቢያመጡላቸው ገጣጥመው፣ ትርፍ ጣት ሠርተው የሚመልሱ ናቸው። አንድ ችግር ግን ነበር። ቄስ ገብረ ኪዳን ቀዳሽ ናቸው። ቀዳሽ ውሻ አይነካም። ቢነኩት እንኳ፣ ነገ እጁ የተሰበረ ገበሬ መጥቶ «ትናንት ውሻ ያሹበትን እጅ ነው ለኔ?» አይልም?

በላቸው ግን መላ አያጣም። ወደ ሞጣ የሚመላለሰውን የጭነት መኪና ሹፌር ደምለውን አስቁሞ፣ «ለቄስ ገብረ ኪዳን ንገርልኝ» አለው። «መብረቁ የሚባል የሦስት ዓመት ልጅ እግሩ ተሰብሮብኛል፤ የኋላውን፣ ማለቴ የቀኙን። ቀን ይቁረጡልኝ።» ደምለው አዛኝ ሰው ነበርና መልእክቱን ከልቡ አደረሰ። በሦስተኛው ቀን መልስ ይዞ መጣ፦ «አምጡት፤ ስንጥሩንም በልኩ እፈልጥለታለሁ ብለዋል። ሕፃኑን እግዜር ይማርልህ ጋሽ በላቸው።»

በስምንተኛው ቀን በላቸው የስፌት መኪናውን የእንጨት ክዳን ገልብጦ፣ ከሥሩ ጨርቅ ጎዝጉዞ፣ መብረቁን አስተኛበት፤ ላዩን በአቡጀዲ ሰፍቶ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ተወለት። ሣጥኑን ታቅፎ የደምለው መኪና ጋቢና ውስጥ ገባ።

«ልጁስ?» አለ ደምለው።

«ቀድሞ ሄዷል።»

ደብረ ወርቅን አለፉ። ጉንደ ወይን ላይ ለመርጡለ ማርያም የሚሄዱ መንገደኞች ወረዱ። መንገዱ መንገድ አይባልም፤ መኪናው ከአንዱ ጉድጓድ ወጥቶ ወደ ሌላው እስኪገባ ድረስ ሰው አርጅቶ ይወርዳል። ኬላው ላይ ጠመንጃ የያዘ ዘብ መጥቶ ሣጥኑን በጣቱ ቆረቆረ።

«ምንድን ነው?»

«የስፌት መኪና ነው ጓድ። ሞጣ ላሠራው ነው።»

ሣጥኑ «ግርርርር» አለ።

ዘቡ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ደምለው አንገቱን አዙሮ በላቸውን አየው።

«ይኸውልህ» አለ በላቸው ዓይኑን ሳያሽ፣ «ዘይት ጠፍቶበት ነው እንዲህ የሚያንጎራጉረው።»

ዘቡ በዕድሜው የስፌት መኪና አያውቅ ኖሮ አሳለፋቸው። ኬላውን ካለፉ በኋላ ግን ደምለው መኪናውን ዳር አቁሞ ሞተሩን አጠፋ።

«ጋሽ በላቸው፣ እዚያ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«መብረቁ ነው።»

«የሦስት ዓመቱ ልጅ?»

«ሦስት ዓመቱ ነው፤ ይኼን ዋሽቼ ከሆነ…»

«እኔ ለቄስ ገብረ ኪዳን ሕፃን ብዬ ተናግሬ! እግዜር ይማረው ብለው ሲያማትቡ አብሬ አማትቤ!» ደምለው መሪውን በቡጢ መታ። ከዚያ በአቡጀዲው ቀዳዳ አንዲት ጥቁር አፍንጫ ወጥታ እጁን ስታሸት አያት። ሞተሩን አስነሣ። ሞጣ ሊደርሱ ሲሉ ለብቻው ሲስቅ ተሰማ።

ቄስ ገብረ ኪዳን ግቢያቸው ውስጥ፣ ዋርካ ሥር፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከፊታቸው ንጹሕ ሰሌን ተነጥፏል፤ በሰሌኑ ላይ ለሕፃን እግር ልክ የተፈለጡ፣ ጠርዛቸው የለሰለሰ ስድስት የቀርከሃ ስንጥሮች ተደርድረዋል፤ ቅቤ በቅል ቀርቧል። በላቸው ጉልበታቸውን ስሞ፣ ሣጥኑን ሰሌኑ ላይ አኑሮ፣ ስፌቱን በምላጭ ተረተረ።

መብረቁ ብቅ አለ። ቄሱን አይቶ ጮኸ።

ቄስ ገብረ ኪዳን ከበርጩማው እንዴት እንደ ተነሡ ያየ የለም፤ ሦስት ክንድ ርቀው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ መቋሚያቸውን እንደ ጦር ይዘው ታዩ እንጂ።

«አንተ ሰውዬ! ምንድን ነው ያመጣህብኝ?»

«አባ፣ ይፍቱኝ። ልጅ ነው ያልኩት… የልጅ ያህል ስለሆነ ነው።»

«ነገ ቅዳሴ አለብኝ! ሰሌኔ ላይ! ውሰድልኝ! ቶሎ ውሰድልኝ!»

በላቸው ተንበርክኮ ቀረ። እንደ ልማዱ አንድ ሺህ ቃል ሊናገር አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ጥቂት ብቻ ነው። «እኔ ነኝ የሰበርኩት» አለ። «በሠላሳ ሁለት ቀን ውስጥ ካልቆመ ይገድሉታል።» ከዚያ የሜትሩን ጥምጥም መፍታት ጀመረ፤ ሊሄድም ቢሆን እግሩ አብጦ ነበርና ላላ ሊያደርግለት።

ቄስ ገብረ ኪዳን ፊታቸውን አዙረው ሊሄዱ አንድ እግራቸውን አነሡ። ግን አርባ ዓመት አጥንት ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው አልታዘዝ አላቸው።

«ይህን ማን ነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ አባ።»

«ጠላቱ ነህ? እንዲህ አይያዝም! ከሥር ደግፈው… ከሥር! ተረከዙን በመዳፍህ! አንተ ሰው እጅህ እንጨት ነው?» መቋሚያቸውን ዘርግተው በአየር ላይ ጠቆሙ። ትንሽ ቆይተው በርጩማውን በእግራቸው ወደ ኋላ ገፉና ከአራት ክንድ ርቀት ላይ ተቀመጡ። «እኔ አልነካውም። ስማኝ፤ አልነካውም። አንተ ግን ልብስ ሰፊ ነህ አይደል? ጨርቅ ተደርቦ ስፌቱ የት እንዳለ በጣትህ አታውቅም?»

«በጨለማ አውቃለሁ አባ።»

«እንግዲያስ ዓይንህን ጨፍን። መጀመሪያ የጤናውን እግር ዳስስ። ከላይ ወደ ታች። ምን አለ?»

«ቀጥ ያለ… እንደ መርፌ ቤት።»

«አሁን የተሰበረውን።»

«እዚህ ጋ ይሰናከላል። አንዱ በአንዱ ላይ ወጥቷል።»

«በየት በኩል?»

«በውስጥ።»

«ጥሩ። ቅቤውን ቀባ። ቀስ ብለህ እሽ፤ ሥጋው እስኪለቅልህ። አትቸኩል፤ የፋሲካ ሱሪ አይደለም። አሁን በግራህ ጉልበቱን ያዝ፤ በቀኝህ ወደ ራስህ ሳብ። ሳብ! ጨምር! ሲነክስህ እንዳትለቅ።»

«አይነክስም አባ፣ ይወደኛ…»

መብረቁ የቀኝ አውራ ጣቱን ነከሰ። ንክሻው ከጥፍር ገብቶ በክርን ወጣ ማለት ይቻላል። በላቸው ጮኸ፤ ዋርካው ላይ የነበሩት ወፎች በሙሉ ወደ ጎንደር ተሰደዱ፤ እጁ ግን አልለቀቀም። ከጣቱ ሥር አንድ ነገር ተንሸራቶ ቦታውን ያዘ። እንደ ቁልፍ ከቀዳዳው ሲገባ ያለ ስሜት ነበር።

«ገባ!» አለ በላቸው።

«አውቄያለሁ፤ ሰማሁት» አሉ ቄስ ገብረ ኪዳን፤ ከአራት ክንድ ርቀት። ግንባራቸው በላብ ርሶ ነበር።

ስድስቱ ስንጥሮች በእግሩ ዙሪያ ሲቆሙ አንዱ እንኳ አልረዘመም፣ አንዱ እንኳ አላጠረም። ለሦስት ዓመት ሕፃን እግር የተፈለጠ ቀርከሃ ለመብረቁ እግር ልክ ሆነ። ማሰሪያው ላይ ሲደርሱ ቄሱ «እዚህ ጋ ቋጥር» አሉ።

«ብቋጥረው በጥርሱ ይፈታዋል አባ። ልስፋው?»

«ምን?»

በላቸው ከኮቱ ኮሌታ መርፌ መዝዞ ጨርቁን በእግሩ ላይ ደርቦ ሰፋው፤ በደም በራሰ አውራ ጣት፣ ባለ ሁለት ድርብ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው በማይታወቅ ስፌት። ቄስ ገብረ ኪዳን አንገታቸውን አስግገው አዩ። «ይህችን ተምሬያለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ለሚፍጨረጨር ሕፃን ትሆናለች።» ከዚያ ድምፃቸውን መለስ አድርገው፣ «ሠላሳ ቀን። በሠላሳኛው ቀን ፍታው። ከዚያ በፊት አንድ ጥልፍ እንዳትነካ።»

በላቸው የሚስቱን ሠላሳ ብር አወጣ። የራሱን አሥራ ሁለት ብርም ጨመረበት።

«አስቀምጠው» አሉ ቄሱ። «የውሻ ዋጋ ቤቴ አይገባም።»

«ታዲያ በምን ልክፈል አባ? በግ ላምጣ? ሁለት ካባ ልስፋ? ወርቀ ዘቦ ካባ! ጃንሆይ እንኳ ያልለበሱት!»

«በዝምታ ነው የምትከፍለው።»

በላቸው አልገባውም።

«ይህ ወሬ ከዚህ ግቢ አይወጣም። ገብረ ኪዳን ውሻ ጠገነ ተብሎ አንዲት ቃል ከተሰማች፣ ነገ ይህን ደጅ የሚረግጥ ክርስቲያን አይኖርም። የጎጃም ውሻ ሁሉ ግን ይመጣል። ስለዚህ ዝም ትላለህ። ዋስ ጥራ።»

በላቸው ወደ ደምለው ዞረ። ደምለው እጁን አነሣ። «አባ፣ ሰው ገድሎ ቢሆን እዋሰው ነበር። ለአፉ ግን አልዋስም። እኔ የልጆች አባት ነኝ።»

ቄስ ገብረ ኪዳን ተነሥተው ቆሙ። «እንግዲያስ ገዝቼሃለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ ለሚስትህም ቢሆን፣ ገብረ ኪዳን ይህን ውሻ ጠገነ ወይም አስጠገነ ብትል ግዝት ይሁንብህ። አንተም ሹፌር!»

ደምለው ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣ። በላቸው ግን በቆመበት ላብ አጠመቀው። ይህ ሰው በሬ ቢጠየቅ ተበድሮ ይከፍል ነበር። ቄስ ገብረ ኪዳን በደጃቸው ካለፈ ሰው ሁሉ የወሰዱት ክፍያ ቢደመር፣ ያን ዕለት ከበላቸው የወሰዱትን አያህልም። በዘመኑ ካያቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁን አይቶ፣ በገዛ እጁ ሠርቶ፣ እንዳይናገር!

ሠላሳው ቀን ሠላሳ ዓመት ሆነ። መብረቁ ሱቁ ውስጥ ከጠረጴዛው እግር ጋር ታስሮ ተኛ። ደንበኞች «ምን ሆነ? ማን አሰረው?» ሲሉ በላቸው ከንፈሩን ነክሶ መኪናውን ይረግጣል፤ ሆዱ ይነፋል፤ ፊቱ ይቀላል። በሁለተኛው ሳምንት ይርጋነሽ ኮሶ አጠጣችው።

«ሞጣ ምን አሉህ?» አለችው።

«ቄሱ አልነካውም አሉ።»

«ታዲያ ብሩስ?»

«ይኸው፤ ሙሉ ነው።»

ሠላሳ ብሯን ቆጥራ መቀነቷ ላይ ቋጠረችና «ድሮም ነግሬህ ነበር» አለች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ለረጅም ጊዜ አልወጣችም። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ የሽንኩርት ነው አለች። ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት አልነበረም።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን በላቸው ስፌቱን ተረተረ። እግሩ ቀጥ ብሏል። በጣቱ ዳሰሰው፤ ከላይ እስከ ታች የሚያሰናክል ነገር የለም። መብረቁን መሬት አወረደው። መብረቁ ሦስት እግሩን ረግጦ አራተኛውን ወደ ሆዱ ሰበሰበ። በሦስት እግር መሄድ ለምዶ ኖሯል። ቢጠሩት፣ ቢለምኑት፣ ሥጋ ቢያሳዩት እየነጠረ ይመጣል እንጂ ያችን እግር አያወርድም። በሠላሳ ዘጠነኛውም ቀን እንዲሁ። አርባኛው ቀን ነጋ።

የቀበሌው ግቢ በሰውና በውሻ ተሞልቷል። ከጠረጴዛው ኋላ ሊቀመንበሩ ጓድ ውበቴ፣ በላቸው የሰፋለትን ካኪ ኮት ለብሶ፣ ማኅተሙን ፊቱ ደቅኖ ተቀምጧል። ከጎኑ ጥበቃው ምንሽሩን ይዞ ቆሟል። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሁለት የሚያነክሱ ውሾች ወደ ግቢው ጀርባ ተወስደዋል፤ ሁለት ጊዜም ተኩስ ተሰምቷል።

«በላቸው!» ተብሎ ተጠራ።

በላቸው ወጣ። ይርጋነሽ «ለውሻ ብዬ አልሄድም» ብላ ነበር፤ ግን ከአጥሩ ሥር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። በላቸው ውሻውን መሬት አኖረው። መብረቁ በሦስት እግሩ ቆመ።

«ያነክሳል» አለ ጥበቃው።

«አያነክስም ጓድ፤ ድኗል» አለ በላቸው። «ተሰብሮ ነበር፤ ተጠግኗል።»

«ማን ጠገነው?» አለ ጓድ ውበቴ። «ስብራት ይሁን በሽታ እኔ በምን ላውቅ? የጠገነው ሰው ቃሉን ይስጥ። ወጌሻው ማን ነው?»

በላቸው ዝም አለ። ቢቸና በላቸውን ዝም ሲል አይታ አታውቅምና ሰው አንገቱን አሰገገ። ጓድ ውበቴ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ጓድ በላቸው፣ ምነው? ስላለፈው ጅብ ሁለት ሰዓት ያወራህ ሰው፣ ዛሬ አንድ ስም ጠፋህ?»

የቄሱ ስም በበላቸው ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። ቢናገረው ውሻው ይድናል፤ ግዝቱ ግን አለ፤ የዚያ ሽማግሌ እንጀራም አለ። ጥበቃው የውሻውን ገመድ ሊይዝ ጎንበስ አለ። ያኔ በላቸው ድንገት ትዝ አለው። ማን ነካው? ማን ሳበው? ማን ተነከሰ?

«እኔ ነኝ» አለ። «በዚህ በእጄ። ዓይኔን ጨፍኜ አጥንቱን አገጣጠምኩት፤ በድርብ ስፌትም ሰፋሁት።»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። መጀመሪያ ጓድ ውበቴ ሳቀ፤ ከዚያ ጥበቃው፤ ከዚያ ባለ ውሾቹ ሁሉ። «ዓይኑን ጨፍኖ!» አለ አንዱ። «በድርብ ስፌት!» አለ ሌላው፤ ሆዱን ይዞ መሬት ተቀመጠ። «ቁልፍስ አልተከልክለትም?» አለች አንዲት ሴትዮ። የሳቁ ድምፅ የቀበሌውን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠ፤ ደብረ ወርቅ ላይ ነጎድጓድ ነው ብለው እህል ያስገቡ ነበሩ።

መብረቁ ይህን ሳቅ አልወደደውም። ጌታው መሐል ላይ ብቻውን ቆሟል፤ ሦስት መቶ ሰው አፉን ከፍቶ ይጮህበታል። መብረቁ ጸጉሩን አቆመ፤ አንገቱን ቀበረ፤ እንደዚያ ያለውን የዓባይ ሙላት ጩኸት ለመጮህ ደግሞ ሦስት እግር አይበቃም። አራተኛው እግር ወረደ። መሬቱን ረገጠ። ጥፍሩን አፈሩ ውስጥ ተከለ። መብረቁ በአራት እግሩ ቆሞ በሕዝቡ ሁሉ ላይ ጮኸ፤ ከዚያ ተወርውሮ የጓድ ውበቴን የሱሪ ጫፍ ያዘ።

«ያዘኝ! ያዙልኝ!» ጓድ ውበቴ ወንበሩ ላይ ወጣ። እየሳቀ ነበር፤ እንባው ይወርዳል። «በቃ! በቃ! ይኼ ውሻ ጤነኛ ነው! ከኔም ጤነኛ ነው! እሰሩለት!»

ጥበቃው ምንሽሩን ግድግዳ አስደግፎ የቆርቆሮውን ምልክት አንገቱ ላይ አሰረለት። ቁጥሩ አርባ አንድ ነበር። በላቸው እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠ፤ ከደረቱ የወጣው ትንፋሽ የጠረጴዛውን ወረቀት ሁሉ በተነው።

ይርጋነሽ ሕዝቡን ገፍታ መጣች። ውሻውን ብድግ አድርጋ ጉንጯ ላይ ለጠፈችው፤ ሰው እንዳያት ሲገባት ለበላቸው ወረወረችለት።

«ወይ ያንተ ነገር!» አለችው ወደ በሩ ሲሄዱ። «ደግሞ እኔ ጠገንኩት ትላለህ! ምናለ አንድ ቀን እንኳ እውነት ብትናገር?»

በላቸው አፉን ከፈተ። ዘጋው። ከዚያ ፈገግ አለ፤ ሆዱ ከሠላሳ ሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንፈስ ሲል ተሰማው። እውነቱን ለቢቸና ሁሉ ተናግሯል፤ ያመነው የለም፤ ግዝቱም አልተነካ።

ከቀበሌው በር ሲደርሱ መብረቁ ከእጁ ወርዶ ቆመ። የበሩን እንጨት ከታች እስከ ላይ አሸተተ። ተመቻቸ፤ የግራ ኋላ እግሩን ከፍ አድርጎ አነሣ፤ ሙሉ ሸክሙን በቀኙ ላይ ጥሎ ሽንቱን ሸና። ቀኙ እግር አልተንቀጠቀጠም።

«ና እንጂ እንሂድ!» አለች ይርጋነሽ።

«ቆይ ይርግዬ» አለ በላቸው ባርኔጣውን አውልቆ። «ቆይ፤ ይጨርስ።»